ገመድ የገዛው የእድር ዳኛ

አንድ የእድር ዳኛ ነበረ። ተቀመጪ ትርንጎ፤ አንዱን ጥያቄ ሦስት ጊዜ ስለጠየቅሽኝ ዛሬ በምሳሌ እነግርሻለሁ። ከዚህ በኋላ ግን አታድርቂኝ።

ይህ ሰው የተከበረ ነበር። ድንኳን ሲገባ ሰው ሁሉ ብድግ ይልለታል። ከልጅነቱ አብሮት ያደገ አንድ ወዳጅ ነበረው፤ ከሁለታቸው ቀድሞ የሞተውን የቀረው በራስጌው በኩል ሊሸከመው ቃል ተገባብተዋል። የአገሩ ቤተ ክርስቲያን ያለው ደግሞ ዳገት ላይ ነው።

ዳኛው ሃምሳውን ሲያልፍ ሆዱ ገፋ፣ ትንፋሹም አጠረ። ጤና ጣቢያ ሄደ። ሐኪሙ መረመረውና ክኒን አላዘዘለትም። «ልብዎ ሥራ ፈቶ ነው። ገመድ ይግዙና ጠዋት ጠዋት ይዝለሉ። መጀመሪያ ጥቂት፣ ከዚያ ቀስ እያሉ ይጨምሩ። ልብዎ ይበረታል፣ እግርዎ ይጠናል፣ እንቅልፍም ይወስድዎታል» አለው።

ዳኛው በሽታው ሳይሆን መድኃኒቱ አስደነገጠው። ገመድ መዝለል የልጃገረዶች ጨዋታ ነው። ሰው የሚዳኝ ሽማግሌ እንደ እንቦሳ ሲቦርቅ ሊታይ ነው? ይሁን እንጂ ሐኪሙን መናቅም ፈራና ገመዱን ገዛ። ይዞት ሲመጣ ጎረቤቱ፣ «ጋሼ፣ ገመዱ ለምንድን ነው?» ብትለው፣ «ለበግ» አላት። በግ ግን አልነበረውም። ስለዚህ በማግስቱ ገበያ ወርዶ በግ ገዛ። ትሰሚኛለሽ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ ይሄ ግን መድኃኒቱን ደበቀ።

ገመዱ በበጉ አንገት ላይ ዋለ። በጉ ሰባ፣ ዳኛውም ሰባ። ሚስቱ፣ «ግቢያችን ታጥሯል፣ ማን ያይሃል?» ብትለው፣ ዛሬ ከፋሲካ በኋላ፣ ነገ ከክረምት በኋላ ይላታል።

ክረምቱ እንደወጣ ወዳጁ ሞተ። ዳኛው ቃሉን አልረሳምና በራስጌው በኩል ቃሬዛውን ትከሻው ላይ አደረገ። ሜዳውን እንደምንም ተሻገረ። ዳገቱ ሲጀምር ጉልበቱ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይኑ ጨለመ፣ ደረቱን ያዘው። ሌላ ሰው ሸክሙን ተቀበለውና እሱ መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ለቀስተኛው ሁሉ እያየው አለፈ። አንዳንዱ «አይዞዎት» አለው፤ እሱ ግን ቀና ብሎ ሊያያቸው አልቻለም። የፍትሐቱ ድምፅ ከላይ ሲመጣ እዚያው እንደተቀመጠ አለቀሰ። ወዳጁን ሌሎች ቀበሩት።

ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ገመዱን ከበጉ አንገት ፈታና ደጁ ላይ፣ መንገደኛ በሚያልፍበት ቆሞ ዘለለ። አምስት ጊዜ እንደዘለለ ገመዱ ጠለፈው። ሳቁበት። በማግስቱ ሰባት ዘለለ። ሳምንት ሲሞላው የሚስቅ አልነበረም፤ ሰው የራሱ ጉዳይ አለበት። በሙት ዓመቱ ያንን ዳገት ሳያርፍ ወጣው። ትንፋሹም አላጠረው፣ ጉልበቱም አልከዳው። ግን መቃብሩ ጋ ሲደርስ እሱ የሚሸከመው ወዳጅ አልነበረም።

እንግዲህ ያ ዳኛ አንቺ ነሽ፣ ትርንጎ። ሐኪሙ ገመድ ዝለይ ካለሽ ዓመት ሊሞላ ነው። አንቺ ግን «የአርባ አምስት ዓመት ሴት ስትዘል ሰው ምን ይላል?» እያልሽ እኔን ታደክሚኛለሽ። ሰው የሚለውን ልንገርሽ። በዘለለው ዳኛ አንድ ሳምንት ሳቁ፣ ከዚያ ረሱት። ድንጋይ ላይ የተቀመጠውን ግን ይኸው እስከ ዛሬ እናወራዋለን። እናትሽ አልጋ ላይ ናት፤ አቅፈሽ የምታገላብጫት አንቺ ብቻ ነሽ። ትናንት እሷን አንስተሽ ስታለከልኪ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እሷም ሰምታለች።