ወንበር የታጣበት ቅዳሜ

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ እትዬ ውድነሽ፣ ትርሲት ጥያቄዋን እንደ ጨረሰች።

ትርሲት በሰፈሯ ቤተ መጻሕፍት በየቅዳሜው ለነዋሪው የሚሰጠውን ትምህርት የምታሰናዳ ወጣት ናት። ሰዎች መጥተው፣ አዳምጠውና አጨብጭበው ከመሄድ በቀር አንድም ነገር የማይጠይቁ ከሆነ፣ ትምህርቱን መቀጠል ምን ይረባል ብላ ነበር የጠየቀቻቸው። ጡረታ የወጡት መምህርት በቀጥታ አልመለሱላትም፤ ምሳሌያቸውን ቀጠሉ።

ሰውየው ሥርዓት ወዳድ ነበረ። ነዋሪው የእጅ ሙያ እንዲማርበት ሲል የገዛ መጋዘኑን አጽድቶ አዳራሽ አደረገው፤ ከዕድሩም ወንበሮች ተውሶ በረድፍ ደረደረ። በየሳምንቱ አንድ ባለሙያ ከፊት ቆሞ ያስተምራል፤ ሰዉም በጸጥታ ይሰማል። በመጨረሻ «ገባችሁ?» ሲባል ሁሉም በአንድ ድምፅ «ገብቶናል» ይላል። ጥያቄ ያለው ሲባል ግን ትንፍሽ የሚል የለም። ሰውየው ከተማሩት አንዱን እንኳ በቤቱ የሠራ ሰው ይገኝ እንደ ሆነ ሰፈሩን ቢዞር፣ አጣ። በዚህም አዝኖ፣ የሚመጣው ቅዳሜ እንዲሁ በጭብጨባ ካለፈ አዳራሹን መልሶ መጋዘን ሊያደርገው ቆረጠ።

የዚያ ቅዳሜ ትምህርት የኤሌክትሪክ ምድጃ ጥገና ነበር። ሰውየው በማለዳ ቢደርስ አዳራሹ ባዶ ነው፤ በሰፈሩ ሰርግ ስለ ነበረ ዕድሩ ወንበሮቹን አንድ ሳያስቀር ወስዷቸዋል። ያለ ወንበር ትምህርት ይኖራል ብሎ አያስብምና፣ በሩ ላይ ቆሞ የሚመጣውን ሁሉ በይቅርታ ይመልስ ጀመር። አንዲት ባልቴት ግን አልመለስም አሉ።

«ልጄ፣ እስከ ዛሬ ስታስተምር የከረምኸው ወንበሮቹን ነው እንዴ?»

ሰዉ ሳቀ፤ ሰውየውም ሳይወድ ሳቀና በሩን ለቀቀ። ባለሙያው እንደ ልማዱ ጠረጴዛውን ከግድግዳው አስጠግቶ፣ የተበላሸ ምድጃ ከላዩ አኑሮ ይጠብቅ ነበር። የኋለኞቹ አልታየንም እያሉ የፊተኞቹን ገፉ፤ አንዱን ረጅም ሰው አንገትህን ለዛሬ አውሰን አሉት። ሥርዓት ወዳዱ ሰው ግርግሩ አስጨነቀው። ረድፍ ሊያሲዛቸው አፉን ከፈተ፤ የሚቀመጡበት ግን የለም። ጥቂት አሰበና ጠረጴዛውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ አዳራሹ መሐል ጎተተው።

ያን ጊዜ ፊትና ኋላ ጠፋ። ሁሉም ምድጃውን ከበበው። የባለሙያው ካቻቢቴ ከአንዲት የጉልት ነጋዴ እጅ አጠገብ ስለ ነበረ አነሣችው። አንድ ብሎን ከፈታች በኋላ፣ ሽቦው የት ላይ እንደ ተበጠሰ ምንም እንዳልገባት ተናገረች። ጎረቤቶቿ ሳቁባት።

«ሳቁ ግድየለም፤ ምድጃችሁ ሲቃጠል የማንን በር እንደምታንኳኩ አያለሁ» አለች።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ተከታተለ። አንዱ ባለፈው ሳምንት ገብቶኛል ያለው ሳይገባው መሆኑን አመነ፤ ሌላውም እኔም እንዳንተው ነኝ አለ። ለካ ዝም ያሰኛቸው ለመምህሩ የነበራቸው አክብሮትና የጎረቤት ይሉኝታ ኖሯል። ምድጃው ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ተጠገነ። ተሰክቶ ሽቦው ፍም ሲመስል አዳራሹ በእልልታ ተናጋ፤ ከፊሉም የራሱን ምድጃ ሊያመጣ ወደ ቤቱ ሮጠ። ሰውየው ነጭ ሸሚዙ በጥላሸት መጥቆሩን ያየው ወደ ማታ ነው።

እትዬ ውድነሽ ወደ ትርሲት ዞሩ።

«ያ ሰው አንቺን ይመስላል፣ ልጄ። ዝምታቸውን ግድየለሽነት አልሽው፤ እነርሱ ግን ማክበራቸው ነበር። ዕውቀት እንደ ማዕድ ነው፤ ቤተኛ ዙሪያውን ከብቦ ይጎራረስበታል እንጂ ተሰልፎ አያየውም። ስለዚህ፣ ቅዳሜ በሩን ክፈቺ፤ ሰዎቹንም ወደ ማዕዱ አቅርቢያቸው። ‹ገብቶናል› ቢሉሽም እጃቸውን ይዘሽ አስነኪያቸው። ለመሆኑ እንግዳ ‹ጠግቤያለሁ› ሲል አምነን ማዕድ ማንሣት የጀመርነው ከመቼ ወዲህ ነው?»