የሚጾመው አረም

ዓሣ የሚወድ አንድ ንጉሥ ነበር። አገሩ በትልቅ ሐይቅ ዙሪያ የሰፈረች ስለነበረች ዓሣ መውደዱ ከቅብጠት የሚቆጠር አልነበረም። ሕዝቡም እንደ ንጉሡ ነበር፤ ሲፈስክ ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ ይጠብሳል፣ ሲጾም ደግሞ «ዓሣ ይጾማል ወይስ አይጾምም?» እያለ ይከራከራል። ክርክሩ እስከ ዛሬ እልባት አላገኘም፤ ዓሣውም ውጤቱን በትዕግሥት እየጠበቀ ነው።

ከጊዜ በኋላ ወደዚህ ሐይቅ እንቦጭ የሚባል አረም ገባ። እንቦጭ ውሃ ላይ ተንሳፍፎ የሚኖር፣ ወፍራም ቅጠልና ሐምራዊ አበባ ያለው መልከ መልካም ወራሪ ነው። በተነጠፈበት ቦታ ታንኳ አያልፍም፣ ፀሐይ ወደ ውሃው አትዘልቅም፣ ዓሣም ትንፋሽ ያጥረዋል። ቁንጅናው ዓይን ስለሚጋርድ፣ መጀመሪያ የመጣ ጊዜ ማንም በጠላትነት አልጠረጠረውም።

ንጉሡ ዘመናዊ ሰው ነበርና «ጠላትን ከደረሰ በኋላ ማወቅ ማንም ያውቅበታል» ብሎ ስንዱ የምትባል ጠቢብ አስጠራ። የስንዱ ሥራ ሳተላይቶች ከላይ ሆነው የሚያነሱትን ምስል ማንበብ ነበር። የእንቦጩ አረንጓዴ ውሃው ዳር ከሚበቅለው ደንገል አረንጓዴ በጥቂቱ ይለያል፤ ልዩነቱን የሰው ዓይን ባያገኘው መሣሪያው ያገኘዋል። እሷ ይህን ትለይና የነፋሱን አቅጣጫ፣ የውሃውን ፍሰትና ሙቀት ጨምራ ለኮምፒውተሯ ትሰጠዋለች። ኮምፒውተሩም ሲያሰላ ውሎ፣ አረሙ በመጪው ወቅት የሚደርስበትን ቦታ በካርታው ላይ በቀይ ይቀባል።

«እንግዲህ ጠንቋይ ነሽ በይኛ!» አላት የንጉሡ ዋና አማካሪ፣ ቢትወደዱ።

«ጠንቋይ ሲሳሳት በደንበኛው ያሳብባል» አለች ስንዱ። «እኔ ስሳሳት ለምን እንደተሳሳትኩ መፈለግ አለብኝ።»

ብዙም ሳይቆይ መፈለጊያዋ ደረሰ። ሁለት ጊዜ ተነበየች፤ ሁለቱንም ጊዜ ግማሹን አገኘች፣ ግማሹን ሳተች። በዚያ ሐይቅ ላይ ነፋስ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይነፍሳል። ስለዚህ አረሙ ወደ ምዕራቡ ዳርቻ ይነዳል አለች፤ ተነዳም። ነገር ግን በምሥራቁ ዳርቻም፣ ነፋሱን ፊት ለፊት እየተጋፈጠ፣ እዚህም እዚያም ብቅ ማለት ጀመረ። መቅዘፊያ የሌለው አረም በምን ጉልበቱ ነው ነፋስን ተቃውሞ የሚሄደው?

«ጃንሆይ» አለ ቢትወደዱ፣ «ይህች ልጅ ሰማይ ሰማይ ስታይ ምድሩ አመለጣት።»

ንጉሡ አልሳቀም። በምሥራቁ ጫፍ የዓሣ ጓዳ የሚባል ጠባብ አፍ ያለው የሐይቁ ሠርጥ ነበር። የሐይቁ ዓሣ ሁሉ እንቁላሉን የሚጥለው እዚያ ነው። እንቦጭ ከዚያ ከገባ የአገሩ ዓሣ አበቃለት ማለት ነው፤ ዓሣው ካበቃለት ደግሞ አገሩም እምብዛም አይቆይም።

«ስሚ ስንዱ» አላት ንጉሡ። «ወደ ጓዳዬ መቼና በየት እንደሚመጣ ንገሪኝ። ለሦስተኛ ጊዜ ከተሳሳትሽ ግን ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ። ቃሌ ነው።»

ስንዱ ተመልሳ ከኮምፒውተሯ ፊት ተቀመጠች። የምሥራቁን ምስሎች ብቻ ለየችና በየወቅቱ ደረደረቻቸው። በጥር አዳዲስ ጉድፎች ይታያሉ። በየካቲት መጀመሪያ እንዲሁ። ዐቢይ ጾም ሲገባ ግን ጸጥ ይላል፤ አንድም አዲስ ቦታ የለም። ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ እንደገና ይፈላል። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብላ ያለፈውን ዓመት አየች፤ ያው ነው። ከዚያ የፊተኛውንም አየች፤ ያው ነው።

በማግስቱ ሸንጎ ቀርባ፣ ሌላ የምትለው ቢጠፋት ያየችውን እንዳለ ተናገረች።

«ጃንሆይ፣ አረሙ ይጾማል።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። «የንስሐ አባቱ ማን ይሆኑ?» አለ አንዱ። ቢትወደዱ ደግሞ ዓይኑን እየጠረገ «ለመሆኑ ዓሣ ይበላል ወይስ ዓሣም ይጾማል? እሱ ይፍረድልንና እንገላገል!» አለ። ንጉሡ ራሱ ዘውዱን በእጁ ይዞ ሳቀ። ስንዱም አብራ ሳቀች፤ የሚስቅ ንጉሥ ፈቃድ አይከለክልም ብላ አስባለችና።

«እንግዲያው ጾሙ ሳይፈታ ምሥራቁን በዓይኔ ልየው» አለች። ተፈቀደላት።

በምሥራቁ መንደር፣ ውሃው ዳር፣ እትዬ ዘነቡ የሚባሉ ሴት እጃቸውን አጣጥፈው ተቀምጠው አገኘቻቸው። እትዬ ዘነቡ በአገሩ የታወቁ የሙሽራ ታንኳ አስጊያጭ ናቸው። በጾም ሠርግ ስለማይደገስ ሥራ ፈትተዋል፤ ሥራ በመፍታታቸውም ወሬ ጠምቷቸዋል።

«ምን ጠፍቶሽ ነው ልጄ ውሃ ውሃውን የምታዪው?»

«እንቦጭ ፈልጌ ነው እትዬ።»

«እሱማ ሞልቶ! የምትሸከሚውን ያህል ውሰጂ።»

«ለመውሰድ እንኳ አይደለም። ከምዕራቡ ወደዚህ ማን እንዳመጣው ቸግሮኝ ነው።»

«ማን ያምጣው? እኔ ነኛ!» አሉ እትዬ ዘነቡ በኩራት ቀና ብለው። «ሙሽራ ያለ አበባ ልትሻገር ኖሯል? ከማዶ ከነሥሩ አስነቅዬ በታንኳው ጎንና ጎን አስረዋለሁ። እንዳይጠወልግ ሥሩን ውሃ አስነካዋለሁ። ሙሽራዋ ስትደርስ የባሏ ዘመዶች ይፈቱትና ወደ ውሃው እየጣሉ፣ ‹እንደዚህ አበባ ተባዙ!› ብለው ይመርቃሉ።»

ምርቃቱ ደርሶ ነበር፤ የሰሙት ግን ሙሽሮቹ ሳይሆኑ አበባው ነው።

ስንዱ እስኪያማት ሳቀች። ከዚያ በድንገት ሳቋን ዋጠችው። የራሷ የሠርግ ፎቶ ከኮምፒውተሯ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በፎቶው ላይ በሐምራዊ አበባ በተሸፈነ ታንኳ ውስጥ ቆማ ፈገግ ብላለች። መልሱን ከሰማይ ስትፈልግ፣ እሱ ከራስጌዋ ተንጠልጥሎ ይመለከታት ነበር።

እንደተመለሰች ከነፋሱና ከፍሰቱ ላይ ሠርጎቹን ጨመረች። በዚያ አገር ማን ማንን፣ ከየት ወዴት እንደሚያገባ ለማወቅ ሳተላይት አያስፈልግም፤ ገበያ ወጥቶ ዝም ብሎ መቆም ይበቃል። ኮምፒውተሩ ያለፉትን ዓመታት መልሶ ሲያሰላ የምሥራቁ ጉድፎች ሁሉ እየተንጠባጠቡ ቦታ ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። ስንዱ በደስታ ከወንበሯ ብድግ አለች። መጪውን ጊዜ ሲያሰላ ግን ቀይዋ ነጥብ ከዓሣ ጓዳ እምብርት ላይ አረፈች። ስንዱም ወደ ወንበሯ ተመለሰች።

ከፋሲካ በኋላ ወደ ዓሣ ጓዳ መንደር የምትዳረው ሙሽራ አንዲት ብቻ ነበረች፦ የንጉሡ አንድያ ልጅ፣ ወለላ። ንጉሡም «ታንኳዋ አበባ እንጂ ታንኳ እንዳትመስል» ብሎ አስቀድሞ አዟል።

ስንዱ ካርታውን ይዛ ሸንጎ ገባች። ንጉሡ ቀዩን ሲያይ ከዙፋኑ ተነሳ።

«የጦር አዛዡ ይጠራ!»

አዛዡ መጣ። «የሠርጡን አፍ በመረብ አጥራለሁ፣ ዙሪያውን በወታደር አስጠብቃለሁ» አለ ደረቱን ነፍቶ። «አንዲት ቅጠል አታልፍም!»

«ታልፋለች» አለች ስንዱ።

«ማን አባቱ ያሳልፋታል?»

«እርስዎ። መረቡን ከፍተው፣ ሰላምታም ሰጥተው።»

ንጉሡ ወደ ካርታው ጎንበስ አለ። «ጠላቱ በየት በኩል ነው የሚመጣው?»

«በጃንሆይ ታንኳ ነው፣ ጃንሆይ። ከሙሽራዋ ጋር።» ከእትዬ ዘነቡ የሰማችውን አንድ በአንድ አስረዳች።

«ንጉሡን ወራሪ አለች!» ብሎ ጮኸ ቢትወደዱ።

«ራሴንም ጨምሬ ነው፣ ቢትወደድ። እኔም በአበባ ታንኳ ነው የተዳርኩት። እርስዎስ ሙሽራዎን በምን አስመጡ?»

ቢትወደዱ ሦስት ጊዜ ያገባ ሰው ስለነበር ካባውን ማስተካከል ጀመረ።

ንጉሡ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። «አንድ ልጅ ነው ያለችኝ» አለ። «በባዶ ታንኳ ብሸኛት ሕዝቡ ምን ይለኛል? ሙት ይዞ የሚሻገር ነው የሚመስለው።» ስንዱ ወደ ካርታዋ አየች፤ ኮምፒውተሩ አረሙ የት እንደሚደርስ እንጂ አባት ልጁን እንዴት እንደሚድር አያሰላም።

ያን ጊዜ መጋረጃው ተገለጠና ወለላ ራሷ ወጣች። የራሷ ሠርግ ጉዳይ ሲነሳ ከመጋረጃ ጀርባ የማትቆም ሙሽራ የለችም።

«አባዬ፣ የምትድረኝ ለዓሣ አጥማጆች ነው» አለች። «ጌጧ አነሰ ብለው ቢያሙኝ እችለዋለሁ። ረሃብ ይዛ መጣች ከሚሉኝ ግን በባዶ ታንኳ፣ እንዲያውም በዋና ብሄድ ይሻለኛል።»

«ያለ አበባ ደስ ይልሻል?»

«አበባውማ ይነቀል! ታንኳ ላይ አይውጣ እንጂ። ሚዜዎቹ ከመሳፈራቸው በፊት ውሃው ውስጥ ገብተው ይንቀሉት። ሌሊቱን ሲጨፍሩ የሚያድሩ ጎረምሶች ጉልበት አያጡም።»

የሠርጉ ዕለት ሙሽራዋ በምትነሳበት በምዕራቡ ዳርቻ የሆነውን ያዩ ሰዎች ዛሬም ሲያወሩት ይስቃሉ። ሚዜዎች ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው ጭቃ ውስጥ ገቡ። የሙሽራዋ ጓደኞች «አይ ጉልበት! አይ ወንድ!» እያሉ ሲያላግጡባቸው ቆዩና በመጨረሻ ራሳቸው ገብተው በለጧቸው። የሚጠብቁት መረብ ያልተሰጣቸው ወታደሮችም ከነአዛዣቸው ተጨመሩ። የተነቀለው እንቦጭ ከውሃው ርቆ በደረቅ መሬት ላይ እንደ ጭድ ክምር ተከመረ፤ የቀረውን ፀሐይ ይጨርሰው ተባለ።

እትዬ ዘነቡ ታንኳዋን በተጎነጎነ ደንገልና በጥለት ኩታ አስጊጠው እንደ ንግሥት አሰማመሯት። ከዚያ የሁሉንም ታንኳ ሆድና ጎን በእጃቸው እየዳሰሱ ፈተሹ። ቢትወደዱ ጋ ሲደርሱ ቆም አሉ። ከካባው ስር ሐምራዊ ነገር ብቅ ብሏል።

«ይህስ ምንድን ነው ቢትወደድ?»

«ኧረ... ለማማር ያህል ነው እትዬ።»

«ያለሱም ያምራሉ» አሉ እትዬ ዘነቡ። አበባውን ከነሥሩ መዘው አወጡት። ስለ ማማሩ የተናገሩትን ግን እግዜር ይቅር ይበላቸው።

ታንኳዎቹ የዓሣ ጓዳ ሲደርሱ የአገሩ ሴቶች ለምርቃት ተሰልፈው ነበር። የሚፈቱት አበባ፣ የሚጥሉት ነገር የለም። የድሮው ምርቃት አፋቸው ላይ ቀረ፤ እርስ በርስ ተያዩ። ሙሽራዋ ቆማለች፤ ንጉሡም በጭንቀት መሬት መሬት ያያል። በዚህ መሃል አንድ ቆሮሶ ከውሃው ዘሎ፣ በፀሐይ ብልጭ ብሎ ተመልሶ ገባ።

«እንደ ቆሮሶ ተባዙ!» ብለው ጮኹ እትዬ ዘነቡ ከኋላ።

እልልታው ሠርጡን ሞላው። ከዚያን ቀን ወዲህ በዚያ አገር ያ ምርቃት አልተለወጠም።

ወቅቱ አለፈ። ሳተላይቱም እንደ ልማዱ አለፈና የዓሣ ጓዳን ምስል ላከ፤ ጥርት ያለ ውሃ ነው። ንጉሡ ስንዱን አስጠራት።

«ኮምፒውተርሽ ጓዳዬ ቀይ ይሆናል አለ» አላት ኮስተር ብሎ። «አልሆነም። ተሳስተሻል።»

«አዎ ጃንሆይ፣ ተሳስቻለሁ። እንኳንም ተሳሳትኩ! የኔ ሥራ የሚያምርበት ሰምተው ሲያፈርሱት ነው።»

«ለሦስተኛ ጊዜ ከተሳሳትሽ ወደ ቤትሽ ትሄጃለሽ ብዬሻለሁ። የንጉሥ ቃል አይታጠፍም።»

ቢትወደዱ እንኳ ደነገጠ።

«ስለዚህ ወደ ቤትሽ ሂጂ» አለ ንጉሡ። «እራትሽን ብዪ፣ በደንብ አርፈሽ ተኚ፣ ሰኞ በጠዋት ተመለሺ። ዕድሜ ልክሽን እንዲህ እየተሳሳትሽ ትኖሪልኛለሽ።»

ምክሩ ይህ ነው። ጥፋት ሲመጣ ሁላችንም ነፋሱን እንጠረጥራለን፣ ድንበሩንም እናጥራለን። እጅግ የራቀ ዓይን አገሩን ሁሉ አይቶ የሚስተው አንድ ነገር ቢኖር፣ ያማረና የተመረቀ መስሎን በገዛ እጃችን የምናሻግረውን ነው። የነገውን የሚያሳየን ሰው ሲገኝም፣ ትንቢቱ ደረሰ አልደረሰ እያልን አንወራረድበት፤ እንዳይደርስ ሱሪያችንን ሰብስበን ውሃ ውስጥ እንግባ። ሥራው በዘፈን ከታጀበ ደግሞ ጭቃውም አይከብድም።

እርስዎስ፣ አንባቢ ሆይ፣ በታንኳዎ ጎን ምን አስረው ነው የሚቀዝፉት?