አባባ ጓንጉል የመለሱት ጠላ

ቁጭ በሉ። ቁጭ ካላችሁ በኋላ ደግሞ አትቁነጥነጡ። አንተ እግርህን ሰብስብ፣ አንቺ የእህትሽን ጸጉር ልቀቂ። ሀመልማል፣ የእህቴ ልጅ፣ አንቺ እስክሪብቶሽን ያዢና እንዳልኩት ጻፊ፤ ላሳምር ብለሽ ቃሌን እንዳትነካኪብኝ። ዝም ያለ ይሰማል፣ ዝም ያላለ በሩ ያውና።

ቢቸና ውስጥ ደብሪቱ የምትባል ጠላ ጠማቂ ነበረች። ጠላዋ ሲጠጡት መጀመሪያ መረር ይላል፣ ቀጥሎ ለስለስ ይላል፣ መጨረሻ ላይ የወይራ ጭሱ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። የምትጠምቀው በእናቷ ጋን ነው። በኋላ ግን ሰማያዊ የፕላስቲክ በርሜል መጣ። አይሰበር፣ አይከብድ! ከሱቅ ደግሞ የዳቦ እርሾ አመጣች። ጥንስሷ ሦስት ቀን የሚፈጅበትን እርሾው በአንድ ቀን ያስነሳዋል። ቀጠለችና ጠላውን በፕላስቲክ ጠርሙስ እየሞላች ለመንገደኛ ታዘጋጅ ጀመር። ጋኑን ጓሮ ወስዳ በጎኑ አጋደመችው። ሰዉ "ደብሪቱ ሰለጠነች" አለ። እሷም አመነች።

የባሏ አባት፣ አባባ ጓንጉል፣ ያን ክረምት ታመው ተኝተው ነበር። በሽታው ለቀቃቸው፣ ምግብ ግን አልገባ አላቸው። ሾርባ ሲሏቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ፤ ገንፎ ሲሏቸው ወደ ግድግዳ። አጥንታቸው ብቻ ቀረ። አንድ ጠዋት ታዲያ ዞር አሉና፣

"ደብሪቱ፣ አንድ ጣሳ ጠላ ስጪኝ። ሌላ ነገር አላማረኝም" አሉ።

ደብሪቱ ልቧ ዘሎ ሊወጣ! ከበርሜሉ ቀድታ እየሮጠች አመጣች። አንድ ጉንጭ ወሰዱ። ጣሳውን መለሱ።

"ይሄ የማነው?"

"የኔ ነዋ፣ አባባ!"

"ያንቺንማ አውቀዋለሁ፤ ስንት ዓመት አብረን ኖረናል። ይሄን አላውቀውም።" ወደ ግድግዳ።

ደብሪቱ ወደ ጠላው ሄደች። "ጠላ፣ ጠላ፣ ምነው አልጣፍጥ አልክ? አንተ ካልጣፈጥክ አባባ አይጠጡም፣ ካልጠጡ ደግሞ ይሞቱብኛል።" ጠላውም "የሱቅ እርሾ እያስሮጠ በአንድ ቀን አደረሰኝ። እየሮጠ የመጣ ሰው መንገዱን መቼ አየ? ሲያወራ የሚጣፍጥለት እኮ መንገድ ላይ ያየው ነው። ጥንስሱ ይምጣ፤ አለዚያ አልጣፍጥም" አላት።

ጌሾና ብቅል በውሃ በጥብጣ በርሜሉ ውስጥ ጠነሰሰች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ ሦስት ቀን። ጸጥ! "ጥንስስ፣ ጥንስስ፣ ምነው አትፈላም? አባባ አልጠጣም አሉ፣ ጠላው አልጣፍጥም አለ።" ጥንስሱም "ማን ያስነሳኝ? ጋኑ ግድግዳው ውስጥ ከአምናውም ከካቻምናውም ጠላ ትንሽ ትንሽ ያስቀር ነበር። እነሱ ናቸው ተነስ የሚሉኝ። ይሄ በርሜል ልሙጥ ነው፣ ምንም አላስቀረም፤ ያለው የሳሙና ሽታ ብቻ ነው። ጋኑ ይቀበለኝ፤ አለዚያ አልፈላም" አላት።

ጓሮ ወረደች። "ጋኔ፣ ጋኔ፣ ምነው አትቀበልም? አባባ አልጠጣም አሉ፣ ጠላው አልጣፍጥም አለ፣ ጥንስሱ አልፈላም አለ።" ጋኑም "አሁን ጋኔ ጋኔ! አጋድመሽኝ ስትሄጂ ዶሮ ገባችብኝ። እሷ ትነሳልኝ፤ አለዚያ አልቀበልም" አላት።

አጎንብሳ አየች። ዶሮዋ ስምንት እንቁላል ታቅፋ አንድ ዓይኗን ብቻ ከፈተች። "ዶሮዬ፣ ዶሮዬ፣ ምነው አትነሺም? አባባ አልጠጣም አሉ፣ ጠላው አልጣፍጥም አለ፣ ጥንስሱ አልፈላም አለ፣ ጋኑ አልቀበልም አለ።" ዶሮዋም "ምን ዓይነት ሴት ናት እናንተ! ቅርጫቴን ለጠርሙስ የወሰድሽብኝ አንቺ፣ አሁን ተነሽ የምትይኝም አንቺ? ቅርጫቴ ይለቀቅልኝ፤ አለዚያ አልነሳም" አለቻት።

አትሳቁ፣ ዶሮዋ እውነቷን ነው።

ደብሪቱ ወደ ቅርጫቱ ሄደች። "ቅርጫት፣ ቅርጫት፣ ምነው አትለቅም? አባባ አልጠጣም አሉ፣ ጠላው አልጣፍጥም አለ፣ ጥንስሱ አልፈላም አለ፣ ጋኑ አልቀበልም አለ፣ ዶሮዋ አልነሳም አለች።" ቅርጫቱም "ጠርሙስ እስከ አንገቴ ጠቅጥቀሽብኛል። እነሱ ይውጡልኝ፤ አለዚያ አልለቅም" አላት።

ጠርሙሶቹን ስትነካቸው እንደ ድንጋይ ጠጥረዋል። "ጠርሙሶች፣ ጠርሙሶች፣ ምነው አትወጡም? አባባ አልጠጣም አሉ፣ ጠላው አልጣፍጥም አለ፣ ጥንስሱ አልፈላም አለ፣ ጋኑ አልቀበልም አለ፣ ዶሮዋ አልነሳም አለች፣ ቅርጫቱ አልለቅም አለ።" ጠርሙሶቹም "እንዳትነቀንቂን! እርሾሽ ውስጣችን ገና እየፈላ ነው፤ ክዳኑን ጥርቅም አድርገሽ መተንፈሻ ከልክለሽናል" አሉ። ይሄን ሲሉ የአንዱ ክዳን ጧ! ብሎ የጣሪያው ቆርቆሮ ላይ አረፈ። "አየሽ? ከፍተሽ ድፊን፤ አለዚያ አንወጣም።"

ደብሪቱ እጇን ክዳኑ ላይ አደረገች። እጇ አልንቀሳቀስ አለ። "እጄ፣ እጄ፣ ምነው አትደፋም? አባባ አልጠጣም አሉ፣ ጠላው አልጣፍጥም አለ፣ ጥንስሱ አልፈላም አለ፣ ጋኑ አልቀበልም አለ፣ ዶሮዋ አልነሳም አለች፣ ቅርጫቱ አልለቅም አለ፣ ጠርሙሶቹ አንወጣም አሉ።" እጇም "ሰው ምን ይለኛል? ሰለጠነች ያለኝ ሁሉ ነገ ጓሮ ጠላ ስደፋ ይየኝ? ደግሞስ በጋን እንደገና ብትጀምሪ ሁለት ሳምንት ነው። ያን ጊዜ አባባ በሕይወት አሉ ብለሽ ነው? አልደፋም" አላት።

እዚህ ላይ ሀመልማል ቀስ ብለሽ ጻፊ። እጅ እኮ ሌላ ሰው አይደለም። ጠላው ቢመልስላት ጠላ ነው፣ ዶሮዋም ብትመልስላት ዶሮ ናት። እጇ ሲመልስላት ግን የምትሄድበት አጣች።

ገብታ አባባ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ሁሉንም ነገረቻቸው። "አባባ፣ እርስዎ አልጠጣም አሉኝ፣ ጠላው አልጣፍጥም አለኝ፣ ጥንስሱ አልፈላም አለኝ፣ ጋኑ አልቀበልም አለኝ፣ ዶሮዋ አልነሳም አለችኝ፣ ቅርጫቱ አልለቅም አለኝ፣ ጠርሙሶቹ አንወጣም አሉኝ፣ እጄ አልደፋም አለኝ። እኔው ነኝ ያበላሸሁት።"

አባባ ጓንጉል ፊታቸው ወደ ግድግዳው እንደሆነ፣ "ጋኑ አልተሰነጠቀም?" አሉ።

"ደህና ነው፣ አባባ። ግን ሁለት ሳምንት ይፈጃል።"

"ታዲያ እጠብቃለኋ።"

"ምንም ሳይበሉ እንዴት አድርገው ነው የሚጠብቁት?" አለችና እንባዋ መጣ።

ሽማግሌው ወደሷ ዞሩ። "ምን አለ ቤት ውስጥ?"

"ሾርባ አለ።"

"እስቲ አምጪው። ለጠላው ስል ነው እንጂ ለሾርባሽስ አይደለም።"

ሦስት ማንኪያ ዋጡ። ደብሪቱ ማንኪያውን ስታስቀምጥ እጇን አየችው። ሰውዬው ልጠብቅ ካሉ፣ አንተ ምን ሆነህ ነው? አለችው።

ያኔ እጇ ደፋ፣ ጠርሙሶቹ ወጡ፣ ቅርጫቱ ለቀቀ፣ ዶሮዋ ተነሳች፤ ጭድ ተነጥፎላት ከነስምንት እንቁላሏ ቅርጫቷ ውስጥ ገባች፣ አመሰግናለሁ እንኳን አላለችም። ጋኑ ቀና አለ፤ በግራዋ ቅጠል ታጠበ፣ በወይራ ታጠነ፣ ጥንስሱን ተቀበለ። በመጀመሪያው ቀን ጸጥ። በሁለተኛው ቀን ጸጥ። ደብሪቱ እየሄደች ጆሮዋን ጋኑ ላይ ትለጥፋለች። በሦስተኛው ቀን ከውስጥ ቲስ፣ ቲስ፣ ቲስ አለ። ጥንስሱ ፈላ! ቂጣው ገባ፣ የተቆላው ዱቄት፣ አሻሮው፣ ገባ፣ ተደፈደፈ፣ ውሃ ተሞላ፣ አፉ ተከደነ። በየቀኑ አባባ "ደረሰ?" ይላሉ፣ እሷ "አልደረሰም" ትላለች፣ እሳቸውም እያጉረመረሙ ገንፏቸውን ይበላሉ። ጠላው ጠለለ፣ ጣፈጠ።

ቀድታ አመጣችላቸው። አባባ ጓንጉል ትራሱን ተደግፈው ራሳቸው ቁጭ ብለው ነበር። አንድ ጉንጭ ወሰዱ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ሁለተኛ ወሰዱ።  ጣሳውን እስከ ታች ጨረሱትና ባዶውን ወደሷ ዘረጉ።

"ድገሚኝ" አሉ።

እሷም ጣሳውን ተቀብላ፣ ወደ ጋኑ እየሮጠች፣ ዞር ብላ ምን አለቻቸው መሰላችሁ...

"እትዬ ዘርትሁን! ኧረ እትዬ ዘርትሁን፣ ማድቤት ድስቱ ገነፈለ!"

አቤት! መጣሁ! እናንተ ከዚህ እንዳትነቃነቁ፤ ሀመልማል፣ ደብሪቱ ዞር ብላ "አባባ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ፣ ጋኑ ሙሉ ነው፣ እኔም እዚሁ ነኝ" አለቻቸው ብለሽ ጨርሺው።