ሥራ አስኪያጁና የቅዳሜው ተማሪ

በሥራ ቀን መዝገብ ቤት ፋይል ሳገላብጥ እውላለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ሰውን በንግግር ብቻ ሰመመን ውስጥ አስገብቶ ከጭንቀትና ከሱስ ማላቀቅን እማራለሁ፤ ሂፕኖቴራፒ ይሉታል። ሁለት ዓመት ሙሉ ተምሬ፣ ከራሴ በቀር በእጄ የዳነ ሰው የለም። ባለቤቴን ሰመመን ውስጥ ላስገባ ስሞክር እንኳ ቀድሜ የማንኮራፋው እኔ ነኝ።

ወሬው የደረሳቸው ሥራ አስኪያጃችን አቶ ሽብሩ በስብሰባ መሐል አስነሡኝ።

«አንተ የቅዳሜ ሐኪም! እስቲ አፍዝ አደንግዝህን አምጣና ይህ ሁሉ ሠራተኛ ከልቡ እንዲያከብረኝ አድርግ። ካቃተህ ትምህርትህ ማጭበርበር ነው፤ ከእንግዲህ ቅዳሜም ሥራ ትገባለህ!»

እኔም ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ጌታዬ፣ መምህራችን ‹በሰው ላይ ከመሞከራችሁ በፊት በራሳችሁ ላይ ሞክሩ› ይሉናል። ሲጋራ እንድጠላ ራሴን አሳመንሁ፤ የሃያ ዓመት ሱሴን በሦስት ሳምንት ተውሁ። እርስዎን እንዳከብር ግን ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋት ጠዋት እዚህ በር ላይ ቆሜ ራሴን እለምናለሁ፤ እስካሁን እሺ አላለኝም።»