የወይዘሮ አጸደ ኪቦርድ ጭጭ ያለበት ሳምንት

አንድ እጅግ ጥንቁቅ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበር። ቢሮውን ቆልፎ ሦስት እርምጃ ከሄደ በኋላ ተመልሶ እጀታውን ነቅነቅ የሚያደርግ፣ ደረጃው ላይ ደርሶም የሚጠራጠር ዓይነት ሰው ነው። ክፉ ግን አልነበረም። ይህን ከወዲሁ የምነግራችሁ መሐል ላይ እንዳትጠሉት ብዬ ነው።

በዚሁ መሥሪያ ቤት ወይዘሮ አጸደ የሚባሉ ጸሐፊ ነበሩ። በታይፕራይተር ጀምረው ኮምፒውተር ላይ የደረሱ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የሌላ ሰው ቃል ሲጽፉ የኖሩ ሴት ናቸው። ጣታቸው ቁልፉን ሲመታ ኮሪደር ድረስ ይሰማል። ባለጉዳይ ፊታቸው ቁጭ ብሎ የልጁን ሕመም ሲያወራቸው፣ እያጽናኑት ደብዳቤውን ጨርሰው ይሰጡታል። ጡረታ ለመውጣት ሁለት ዓመት ቀርቷቸዋል። «ከዚችው ወንበር ላይ ነው የምትሸኙኝ» ይላሉ። ከመሥሪያ ቤቱ የሚፈልጉት ይህንኑ ብቻ ነበር።

አንድ ሰኞ አዲስ ገመድ አልባ ኪቦርድና ማውስ ተገዛላቸው። ሻጩ እሳቸው ምሳ በወጡበት መጥቶ ገጣጥሞላቸው ሄደ። ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሏቸው ጻፉበት። በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ግን ኪቦርዱ ጭጭ አለ። ማውሱም አብሮት ዝም። ስክሪኑ ላይ ያለችው ቀስት ባለችበት ቀረች፤ ቢገፏት ቢጎትቷት ወይ ፍንክች።

መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ጠጋኝ ሆነ። አንዱ ከማውሱ ሆድ ሥር ያለችውን ማብሪያ ማጥፊያ አሥር ጊዜ አጠፋ፣ አሥር ጊዜ አበራ። ሌላው የባትሪ ድንጋዮቹን አውጥቶ እንደ ድሮ የራዲዮ ድንጋይ መስኮት ላይ ፀሐይ አሞቃቸው። የሒሳብ ክፍሏ ሠራተኛ አዲስ ድንጋይ ገዝታ መጣች፤ ለውጥ የለም። ኮምፒውተሩን አጥፍተው አስነሱት። ኪቦርዱን ገልብጠው አራገፉት፤ የአንባሻ ፍርፋሪ ወጣ እንጂ ሌላ የተገኘ ነገር አልነበረም። የድሮው ባለገመድ ኪቦርድ እንዳይመለስ ለሌላ ቅርንጫፍ ተሰጥቷል፤ ከሌላ ክፍልም የራሱን ነቅሎ የሚያውስ አልተገኘም።

ማክሰኞ ኃላፊው ሠራተኛውን ሰበሰበ። ባለጉዳይ እስከ ግቢው በር ተሰልፎ ስላየ ተናዷል።

«ዕቃው አዲስ ነው፤ በራሱ ጊዜ አልሞተም» አለ። «ወይዘሮ አጸደ፣ እንደ ታይፕራይተር እየደበደቡ የገደሉት እርስዎ ነዎት። እጅዎ ለዚህ ዘመን ዕቃ ከባድ ነው።»

ሰው ሁሉ አቀርቅሮ ጫማውን አየ። ወይዘሮ አጸደ እጃቸውን ከጠረጴዛው ላይ አንስተው ነጠላቸው ውስጥ ከተቱና «ይሆናል» ብቻ አሉ። እዚያው ተወሰነ፤ ከሐሙስ ጀምሮ እሳቸው መዝገብ ቤት ገብተው ፋይል ያወጣሉ፣ ያስገባሉ። ወንበሩ ላይ ሌላ ጸሐፊ ትቀመጣለች። የዝውውሩን ደብዳቤ ኃላፊው በእጁ ጻፈው፤ የሚተይብለት አልነበረማ።

ረቡዕ ለአዲሷ ጸሐፊ ዕቃው እንዲሠራላት ተብሎ ጋሽ ደምሰው ተጠሩ። ጋሽ ደምሰው ዕድሜያቸውን ራዲዮ ሲጠግኑ የኖሩ ሽማግሌ ናቸው። የዘንድሮን ዕቃ እንደ ወጣቶቹ አያውቁት ይሆናል፤ መጠየቅ ግን ያውቃሉ። መፍቻቸውን ከቦርሳቸው ሳያወጡ ወንበር ስበው ቁጭ አሉ።

«መጨረሻ የሠራው መቼ ነው?»

«አርብ አሥር ሰዓት ተኩል» አሉ ወይዘሮ አጸደ። ማሰሪያ የሌለው ካርቶን ውስጥ የወንበራቸውን ትራስና መነጽራቸውን እየከተቱ ነበር። «ሰኞ ስመጣ ግን የለም። አይልፉ፣ የእኔ እጅ ነው ያጠፋው።»

ጋሽ ደምሰው ኪቦርዱን ወደ ጆሯቸው አስጠግተው ነካ ነካ አደረጉት። ዓይናቸውን ወደ ወይዘሮ አጸደ እጅ መለስ አድርገው «እጅ ቢያጠፋው አንድ ቁልፍ ይሰበራል፣ አንዱ ይጣበቃል። ሁሉም ባንዴ፣ ማውሱም ጭምር አይሞትም» አሉ። ከዚያ በራፉ ላይ ወደቆመው ጥበቃ ዞሩ። «አርብ ማታ ከሥራ በኋላ እዚህ ክፍል የገባ ሰው አለ?»

«ማንም አልገባም» አለ ጥበቃው። ቆየት ብሎ «ጌታዬ ኃላፊው ብቻ ናቸው። አርብ አርብ ፍላሽ ሊለቅሙ ይዞራሉ» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በፍላሽ የገባ ቫይረስ አንድ ጊዜ የሁለት ዓመት ፋይል በልቶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ ኃላፊው አርብ ሠራተኛው ሲወጣ ከክፍል ክፍል እየዞረ፣ ኮምፒውተር ላይ ተሰክቶ ያገኘውን ፍላሽ ሁሉ ይነቅላል። ማንንም አይጠይቅም። ባለቤቱ ማመልከቻ ጽፎ እስኪመጣ ድረስ መሳቢያው ውስጥ ይቆልፍበታል።

ጋሽ ደምሰው ለማንም ምንም ሳይናገሩ ወደ ኃላፊው ቢሮ ገቡና በሩን ዘጉ።

«ፍላሾቹን ያሳዩኝ።»

ኃላፊው ግራ እየገባው መሳቢያውን ከፈተ። አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ ፍላሽ አለ። ጋሽ ደምሰው በጣታቸው ገፋ ገፋ አድርገው ከሁሉም የምታንሰውን፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህለውን አወጡ። «ይቺን ከየት ነቀሏት?»

«ከወይዘሮ አጸደ ኮምፒውተር ጀርባ። ትንሽ ፍላሽ መስላኝ…»

«ፍላሽ አይደለችም። ኪቦርዱ የሚለውን ተቀብላ ለኮምፒውተሩ የምታደርስ መቀበያ ናት። እሷ ከሌለች ሴትየዋ እስከ ነገ ቢተይቡ የሚሰማ የለም።»

ኃላፊው ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በዚያች ሰዓት ያሰበውን እኔም ብሆን ሳላስበው አልቀርም። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ሰው ሳያይ መልሰው ሊሰኩልኝ ይችላሉ? የዝውውሩን ደብዳቤ እቀደዋለሁ» አለ።

«መሰካቱንማ እሰካለሁ፤ ዕቃውም ይሠራል» አሉ ጋሽ ደምሰው። «የሴትየዋን ነገር ግን ምን ላድርገው? እርስዎ በስብሰባ ፊት የሰበሩትን እኔ በስውር ልጠግነው አልችልም።»

ኃላፊው መቀበያዋን በጭብጡ ይዞ ተነሣና ሠራተኛውን ሁሉ ወይዘሮ አጸደ ክፍል ጠራ። ሁሉም የስንብት ንግግር ሊያደርግ መስሏቸዋል። እሱ ግን ሙሉ ልብሱን እንደለበሰ ተንበርክኮ ጠረጴዛው ሥር ገባ፣ መቀበያዋን ከቦታዋ ሰካ፣ ጉልበቱ አቧራ እንደያዘ ቆመ።

«ኪቦርዱን ያበላሸሁት እኔ ነኝ» አለ። «አርብ ዕለት ይቺን የኪቦርዱን መቀበያ ፍላሽ መስላኝ ነቅዬ ቆለፍኩባት። ሰኞ ሲጠፋ የእኔ ጥፋት ይሆን ብዬ ለአንድ አፍታ እንኳ አልጠየቅኩም። ማክሰኞ በእርስዎ ላይ ፈረድኩ። ወይዘሮ አጸደ፣ በሁሉም ፊት አዋርጄዎታለሁ፤ በሁሉም ፊት ይቅርታ እለምንዎታለሁ።»

ወይዘሮ አጸደ ቀና ብለው አዩት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለው ነበር።

«ይቅር ብያለሁ» አሉ። «ግን አንድ ነገር ልንገርዎ። እኔ እርስዎን አምኜዎት ነበር። ትላንት ማታ ልጄ ውኃ ስጪኝ ስትለኝ ብርጭቆውን ለማንሳት ፈራሁ። እሱንም የምሰብረው መስሎኝ።»

የኃላፊው ዓይን እንባ አቀረረ፤ እሳቸውም አዩለት። ከካርቶኑ ውስጥ ትራሳቸውን አውጥተው ወንበሩ ላይ መለሱና ተቀመጡ። መጀመሪያ አንዷን ቁልፍ ትኩስ ምጣድ እንደሚነካ ሰው በጣታቸው ጫፍ ነካ አደረጓት። ስክሪኑ ላይ አንዲት ፊደል ወጣች። ደግመው ነኩ። ከበር ላይ የቆመው ባለጉዳይ «እትዬ፣ እንደ ድሮዎ ይምቱት እንጂ!» አላቸው። ሳቁ። ከዚያ በኋላ ድምፁ ኮሪደር ድረስ ተሰማ።

ወዳጆቼ፣ ጥንቁቅ መሆን መልካም ነው። ሆኖም ሌላውን ስንጠራጠር ጥንቃቄያችን ብርቱ ይሆንና ራሳችን ላይ ሲደርስ ያልቃል። ዕቃ ሲበላሽ ባትሪውን እንቀይራለን፣ አጥፍተን እናበራለን፣ ከሁሉም በፊት ግን አጠገቡ ያለውን ሰው እንወቅሳለን። ዕቃ ቢወቀስ አይሰማም። ሰው ግን ይሰማል፤ ይባስ ብሎም ያምነናል። ሳናጣራ የተናገርነውን ይዞ ቤቱ ይገባል፣ በገዛ እጁ ብርጭቆ ማንሳት ይፈራል። እኛ ደግሞ ያን ቀን በሰላም ተኝተን እናድራለን።

ከእናንተ ቤት ወይም ከመሥሪያ ቤታችሁ «ምን ነካው? ድሮ እንዲህ አልነበረም» የምትሉት ሰው አለ? ነገ በእሱ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት፣ የእሱን ነገር ቆልፋችሁ እንደሆነ የገዛ መሳቢያችሁን ከፍታችሁ ታያላችሁ?