የሐጂ ሸረፈዲን የኋላ ወንበር

ስሟ ይቅርና፣ ግንቧ በከፊል በፈረሰ አንዲት አሮጌ የንግድ ከተማ ሐጂ ሸረፈዲን የሚባሉ እህል ነጋዴ ይኖሩ ነበር። እህላቸውን ነቀዝ ሲነካው ጆንያውን ከፍተው፣ የተነቀዘውን ከላይ አድርገው ለገዢ ያሳያሉ እንጂ ከታች አይቀብሩትም። ከተማው ሁሉ ይህን ያውቃል። አወል ግን የከተማው ሰው አልነበረም።

አወል ሾፌር ነው። አባቱን በልጅነቱ አጣ። እናቱ ሁለት ዓመት አልጋ ላይ ውላ ስትሞት ከጎኗ የነበረው እሱ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ያሳደገው መናኸሪያ ሲሆን፣ እዚያ ቶሎ የሚያምን ቶሎ ይራባል። ጎልምሶም ቢሆን ከመታለል አልዳነም። ለዓመታት ያጠራቀመውን ከፍሎ የገዛት የመጀመሪያ መኪናው ጎርፍ ውጧት የነበረች ሆና ተገኘች። ሻጩ አዲስ የወንበር ልብስ አልብሶ፣ ሽቶ ነፍቶ፣ ሦስት ጊዜ በአላህ ስም ምሎ ነበር የሸጠለት። በወሩ ሞተሯ ቆመ። አወል የሰው መኪና ወደ መንዳት ተመለሰና እንደገና ከአፉ እየነጠቀ አጠራቀመ። አሁንም ከተታለለ ሌላ ዕድል እንደማይኖረው ያውቃል።

ደላላው ሙክታር የሐጂን መኪና ሊያሳየው ይዞት የሄደው እንዲህ ያለውን ሰው ነው። ሙክታር መንገድ ላይ ብዙ አወራ። የሐጂ ባለቤት ሁለት ዓመት ታመው ከረመዳን በፊት እንደሞቱ፣ መኪናዋም ከዚያ ወዲህ ከግቢ እንዳልወጣች፣ ወንበሯን ደግሞ ሐጂ በገዛ እጃቸው አዲስ ልብስ እንዳለበሷት ነገረው። አወል ቆመ።

«ራሳቸው? ሙያቸው ነው እንዴ?»

«የምን ሙያ» አለ ሙክታር እየሳቀ። «መርፌ የሚያውቁት የጆንያ አፍ ሲሰፉ ነው። ስትቀመጥባት የተጫነ ጤፍ የሆንክ ይመስልሃል።»

አወል አልሳቀም። ከመስጊዱ ጀርባ የመኪና ወንበር የሚያለብሱ ሁለት ሱቆች አይቶ ነበር። የቸገረው ሳይሆን ያለው ሰው፣ ባለሙያ በደጁ እያለ፣ በሩን ዘግቶ ራሱ የሚሰፋው ለምንድነው? ለአወል መልሱ አንድ ነው። ሌላ ዐይን እንዳያይ።

ሐጂ ግቢያቸው ውስጥ ተቀበሏቸው። ቀጭን፣ ድምፃቸው ዝግ ያለ ሽማግሌ ናቸው። ሳይጠየቁ የመኪናዋን እንከን መዘርዘር ጀመሩ። የግራው በር ይይዛል። ዘይት ትንሽ ትንሽ ይንጠባጠባል። ከሾፌሩ ወንበር ሥር አንድ ሞላ ተሰብሮ በሲባጎ ታስሯል። የወንበሩ ስፌትም የጀማሪ ስፌት ነው። የመጀመሪያውን ቆዳ በአሮጌው ልብስ ልክ እንደቆረጡት፣ ለስፌት የሚታጠፈውን ጠርዝ መተው እንዳለበት ሳያውቁ ቀርተው እንዳጠረባቸው፣ ይህ ሁለተኛው እንደሆነ ተናገሩ። አወል እየሰማ በልቡ ሌላ ያሰላል። ትንሹን እንከን የሚያወራ ሰው ትልቁን ሊሸሽግ ነው።

ሞተሩን አየ፤ ደህና ነው። ምንጣፉን ገልጦ አሸተተ፤ የጎርፍ ሽታ የለውም። ወንበሩን ዳሰሰ። ስፌቱ ሰፋፊና ዘመም ያለ፣ በእርግጥም የጆንያ አፍ ነው የሚመስለው።

ለምን ራሳቸው እንደሰፉት ጠየቃቸው።

«በቤቴ እንዲሠራ ስለፈለግኩ» አሉ።

ከሥሩ ምን እንዳለ ጠየቃቸው። ሐጂ የኋላውን ወንበር በመዳፋቸው ዳበሱት።

«እንግዲያው ይማሉልኝ» አለ አወል። «ከዚህ ልብስ ሥር የተደበቀ ነገር የለም ብለው በአላህ ስም ይማሉልኝ።»

«ለመሸጥ ብዬ አልምልም ልጄ። የንግዱን በረካ ያነሳዋል።»

ሙክታር አንገቱን ደፋ። ሐጂን ማንም አስምሏቸው እንደማያውቅ በሹክሹክታ ነገረው። አወል ግን ነገሩ ተጣርቶለታል። ያኛው ሻጭ እየማለ ዋሸ፤ እኚህ መማል እንኳ አልደፈሩም። ወደ በሩ እየተራመደ፣ እንዲሰማ አድርጎ ተናገረ፦

«ሰው የሞተባት መኪና ትሆናለች። ደሙን ነው የሸፈኑት።»

ሙክታር ክው አለ። ሐጂ አልተቆጡም። የዐስር ሰላት እንደደረሰ፣ ሰግደው እንደሚመለሱ ብቻ ነገሩት። አወል አብሯቸው ሰገደ፤ ሲሰግድም ዐይኑ ከሳቸው አልተነቀለም።

ሲመለሱ ሐጂ ሰሌን አንጥፈው ምላጭና ፒንሳ ይዘው ተቀመጡ። ከዚያም የሦስት ወር ሥራቸውን ክር በክር ይተረትሩት ጀመር። አውራ ጣታቸው በመርፌ እየተወጋ የጠቆረ ነው። የሾፌሩ ወንበር ተከፈተ፤ ንጹሕ ስፖንጅ፣ በሲባጎ የታሰረው ሞላ፣ ልክ እንደተናገሩት። የጋቢናው ወንበር ተከፈተ። ምንም የለም። የኋላው ወንበር ላይ ሲደርሱ ምላጩ ቆመ።

አወል ጠጋ አለ። ያገኘው መሰለው።

«ሙክታር» አሉ ሐጂ ቀና ሳይሉ፣ «ከውስጥ ውሃ አምጣልን።»

ደላላው እስኪገባ ጠበቁ። ከዚያ ልብሱን ተርትረው ስፖንጁን አነሱት። ከሥሩ ያለው ላሜራ ተፍቆ ቀለም ተቀብቷል። በቀለሙ ውስጥ ግን ዝገት ወጥቷል፤ ከመሃል ጀምሮ ወደ አንድ ጎን የተዘረጋ ዝገት።

አወል በጣቱ ነካው። የጎርፍ ዝገት ሁሉንም እኩል ይበላል። ይህ እንደዚያ አይደለም። ደምም አይደለም። ይህን ዝገት ያውቀዋል። የእናቱ የብረት አልጋ እንዲህ ነበር የዛገው፤ እሷ ከምትተኛበት ሥር፣ በዚያ ቦታ ብቻ። ጎረቤት ሳያይና ሳያሸት በየማለዳው ፍራሹን የሚገለብጠው እሱ ነበር። ሙክታር መንገድ ላይ ያለው ትዝ አለው፤ ሁለት ዓመት ታመው። የሐጂ ባለቤት ያን ሁሉ ጊዜ ሐኪም ቤት ሲመላለሱ የሚተኙት እዚህ ወንበር ላይ ነበር።

«እዚህ ሁለት ነገር ሸፍኛለሁ» አሉ ሐጂ። «አንዱን መሸፈን ግዴታዬ ነው፤ ስለሱ አትጠይቀኝ። ሁለተኛው ላሜራው ነው። መዛጉን እያወቅኩ አልነገርኩህም። ያኛውን ስሸፍን ይሄም አብሮ ተሸፈነ። ይሄ የመኪናዋ እንከን ነው፤ ማወቅ ሐቅህ ነበር። ብትተዋት አልቀየምህም።»

አወል ከቤቱ ውስጥ የሙክታር ኮቴ ሲሰማ ስፖንጁን አንስቶ ወደ ቦታው መለሰው።

ሙክታር ውሃውን እንደያዘ አንገቱን አሰገገ። «ምን ተገኘ?»

«ላሜራው ዝጓል።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም» አለ አወል። ሰሌኑ ላይ ተቀመጠና ቆዳውን ወጥሮ ያዘላቸው። «መርፌዎን ያንሱ፣ ሐጂ።»

የኋላውን ወንበር የመግሪብ ሰላት ሳይደርስ ሰፍተው ጨረሱት። አወል መኪናዋን የፊት ወንበሮቿ እንደተተረተሩ ወሰዳት። ሲሰናበት ስለ ተናገረው ቃል ዐውፍ እንዲሉት፣ ይቅር እንዲሉት ለመናቸው። ሐጂም እንዲህ አሉት፦

«መጠርጠርህ ጠቀመኝ ልጄ። የዕቃን ነውር ፍታ፤ የሰውን ነውር ስፋ። እኔ ሁለቱን አንድ ላይ ሰፍቼ ነበር።»

ሸሪዓችን ሻጭ የዕቃውን ዐይብ፣ ነውሩን፣ እንዲገልጽ ያዛል፤ የወንድምንና የእህትን ገመና መሸፈንንም ያዛል። ሁለቱ ትእዛዛት በአንድ ወንበር ላይ ሲገናኙ ለይቶ መቁረጥ ከባድ ነው፤ እኚያ ሽማግሌም ስተው ነበር። ከብዙዎቻችን የሚለያቸው መሳታቸውን ካዩ በኋላ ራሳቸውን አለመከላከላቸው ነው። እኛ በገበያችን የምናደርገው በአብዛኛው ተቃራኒውን ነው። የዕቃችንን ነውር ጥብቅ አድርገን እንሰፋለን፤ የሰውን እንተረትራለን። መጠርጠር ሐራም የሚሆነው እዚህ ላይ ነው፤ ላሜራውን ካየን በኋላም ምላጩን ሳናስቀምጥ ስንቀር። ከተማዋን ያልጠራነው፣ ስሞቹንም የቀየርነው ስለዚሁ ነው።

አወል በዚያች መኪና ብዙ ዓመት ሠራ። ስለ ኋላው ወንበር ስፌት የጠየቀው ተሳፋሪ ሁሉ ያገኘው መልስ አንድ ነው፤ ጀማሪ ነው የሰፋው።