ነፃ በወጣው ወረዳ ማን ይማር?

በአንድ ወቅት፣ ሽንት ቤቱ ሁሉ ተቆልፎ ቁልፉ ቀበሌ የሚቀመጥበት ወረዳ ነበር። የወረዳውን ስም አልጠራም፤ ብጠራው አምስት ወረዳ ተነስቶ «እኛን ሊያዋርድ ነው» ብሎ ይጣላኛል። እኔ እዚያ የአምቡላንስ ሹፌር ነበርኩ። የምነግራችሁን አብዛኛውን በዓይኔ አይቻለሁ፣ የቀረውን ከባለቤቶቹ አፍ ሰምቻለሁ። ስጨርስ እጠይቃችኋለሁና እየሰማችሁ አስቡበት።

የተቆለፈበት ምክንያት ይህ ነው። ወረዳው «ከሜዳ ላይ መጸዳዳት ነፃ» ተብሎ ሊመረቅ ነበር። ለዚህም እያንዳንዱ አባወራ ሽንት ቤት እንዲሠራ ታዘዘ፤ ሠራም። ሰው ጉድጓድ ቆፈረ፣ ግድግዳ መረገ፣ ክዳን አበጀ፣ በሩ ላይ የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን አንጠለጠለ። ከዚያ እንግዶቹ እስኪመጡ እንዳይቆሽሽ ተባለና ተቆለፈ። ሕዝቡ የራሱን ሽንት ቤት እየተሳለመ አልፎ ጫካ ይወርድ ነበር። ትስቃላችሁ፤ እኔም ያኔ ስቄ ነበር።

ከዚያ ነሐሴ መጣ። ዝናቡ ጫካው ውስጥ ያለውን ሁሉ ጠርጎ እንዶድ ውሃ የምትባለው መንደር ምንጭ ውስጥ ከተተው። አንድ ዓርብ ጠዋት ታረቀኝ የሚባል ገበሬ ሲያርም አረፈደና ከሰዓት በኋላ የሩዝ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ ያዘው። በማግስቱ ሚስቱ አትጠገብ አስቀበረችው። ለለቅሶ ከሌላ ቀበሌ የመጣው ሰው ከዚያው ምንጭ ጠጥቶ በሽታውን ይዞ ወደየቤቱ ተመለሰ።

የጤና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ሠራተኞቹን ሰብስቦ እንዲህ አለ፦ «ተቅማጥ ነው። ሌላ ስም የሚያወጣለት ሰው ይጠየቃል። ነፃ የወጣ ወረዳ ኮሌራ የለውም፤ አለቀ!»

ነገሩ የስም ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። «ተቅማጥ» ተብሎ ከተጻፈ ወረዳው የሚደርሰው ያችው የተለመደችው መድኃኒት ናት። «ኮሌራ» ከተባለ ግን ድንኳን፣ ክሎሪን፣ ግሉኮስና ሐኪም ይጎርፋል፤ ምረቃው ደግሞ ይቀራል። ኃላፊው ምረቃውን መረጠ። የእኔም አምቡላንስ ለበዓሉ የፕላስቲክ ወንበር እንድታመላልስ ታዘዘች። አንድ ቀን ወንበር ጭኜ ሳልፍ ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው አስቆሙኝ። ወንበሩን ሜዳ ላይ አራግፌ በሽተኛውን ጫንኩ፤ ጤና ጣቢያው በር ላይ ስንደርስ ሞተ። በማግስቱ ለወንበሮቹ መቆሸሽ በጽሑፍ ማብራሪያ እንድሰጥ ተጠየቅኩ። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል።

በዚያ ወረዳ ልብ እንድትሏቸው የምፈልጋቸው ሦስት ሰዎች ነበሩ።

አንደኛዋ ጥሩአየሁ ናት፤ የእንዶድ ውሃ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ። አሥራ አራት ዓመት ከቤት ቤት እየዞረች ሕፃን ስትከትብ፣ እርጉዝ ስትከታተል፣ አንድም ቀን «ተማሪ፣ እደጊ» ያላት የለም። «መቶ በመቶ የቀበሌው ነዋሪ በሽንት ቤት ይጠቀማል» የሚለው ወረቀት ላይ የፈረመችው ግን እሷ ናት። ከፈረመችበት ቀን ጀምሮ ቁልፎቹ በትልቅ ቀለበት ታስረው የእሷው ቢሮ ተሰቅለዋል።

ማክሰኞ ዕለት ሕዝቡን ከሌላ ሟች ቀብር ሲመለስ አስቆመችው። «ሽንት ቤቱ ይሠራል ብዬ የፈረምኩት እኔ ነኝ። ዋሽቻለሁ። ያ ውሃ የራሳችን ዓይነ ምድር ነው፤ አትጠጡት!» አለች። ሰው ተንጫጫ። እሷ ዶማ አንስታ ወደ ምንጩ ሄደች፣ ቧንቧውን ሰበረች፣ አፉን በድንጋይና በጭቃ ደፈነችው። ምንጭ መድፈን በዚያ አገር ነፍስ ከማጥፋት አይተናነስም። ድንጋይ ተወረወረባትና ክንዷ ተሰበረ። ክንዷን በነጠላዋ አንግታ ምንጩ አፍ ላይ ተቀመጠች፤ ሦስት ቀን አልተነሳችም። ሴቶቹ እየረገሟት ሁለት ሰዓት ተጉዘው ከጉድጓድ ውሃ ይቀዱ ጀመር። ወንዶቹም የየራሳቸውን ሽንት ቤት ቁልፍ በመጥረቢያ ሰበሩ። በሳምንቱ መጨረሻ ከእንዶድ ውሃ አዲስ በሽተኛ መምጣቱ ቆመ። ሌሎቹ ቀበሌዎች ግን ገና እየነደዱ ነበር።

ሁለተኛው ደሳለው ነው፤ የጤና ጣቢያው የላብራቶሪ ባለሙያ፣ ብቸኛው። ከተማ ያለ የግል ክሊኒክ «ና» ቢለው «እዚህ ከእኔ ሌላ ማን አለ?» ብሎ የቀረ ሰው ነው። የበሽተኞቹን ናሙና ወስዶ ወደ ክልል ላብራቶሪ ልላከው ቢል ኃላፊው ከለከለው።

«ናሙናውን ድፋው።»

«እሺ፣ በጽሑፍ ይዘዙኝ።»

«አንተ ማነህና ነው በጽሑፍ የማዝህ?»

ደሳለው አልደፋውም። ረቡዕ ጠዋት ናሙናውን በክትባት መያዣ ሳጥን አድርጎ፣ ፈቃድ ሳይጠይቅ፣ እህል በጫነ አይሱዙ ላይ ወጥቶ ሄደ። ክልል ላብራቶሪ ሲደርስ የትብብር ደብዳቤ አልያዝክም ብለው በሩ ላይ አዋሉት፤ እሱም ከበሩ አልነቃነቅም ብሎ አስቀበላቸው። ውጤቱ እስኪወጣ ሰኞ ሆነ። በእነዚያ ቀናት ሞገስ የሚባል ገበሬ የስድስት ዓመት ልጁን አዝሎ ጤና ጣቢያ መጣ። ልጅቱ ታተኩሳለች፣ ያስመልሳታል። የወባ መመርመሪያ ካርድ ካለቀ ወር አልፎታል፤ በማይክሮስኮፕ ደም የሚያነብ ደግሞ መንገድ ላይ ነው። ነርሶቹ ከኮሌራ በሽተኞች መሐል አስተኝተው ግሉኮስ ሰጧት። የያዛት ወባ ነበር። እሑድ ዐረፈች።

ሦስተኛው ኑርሁሴን ነው፤ የወረዳው የበሽታ ቅኝት ባለሙያ። ሥራው ከየቀበሌው በስልክ የበሽተኛና የሟች ቁጥር ተቀብሎ ወደ ላይ ማስተላለፍ ነው። ቅጥሩ በየዓመቱ የሚታደስ ኮንትራት ሲሆን የሚያድሰውም ኃላፊው ነው፤ ሦስት ልጆች አሉት። ስለዚህ ሁለት ደብተር ይዞ ነበር። በቢሮው ደብተር ኃላፊው ያዘዘውን ይጽፋል፤ ኪሱ ባለችው ትንሽ ደብተር እውነተኛውን። ስምንት ቀን እንዲህ አደረገ።

በዘጠነኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ ቅጹን አወጣና «የበሽታው ስም» በሚለው መስመር ላይ «ኮሌራ» ብሎ ጻፈ። በሽተኛ ስልሳ አራት፣ የሞተ አሥራ ዘጠኝ። ስሙንና ስልክ ቁጥሩን ጨምሮ ወደ ክልልም ከዚያም በላይ ላከው። ከቢሮ ወጥቶም ቀጥታ ገበያ ገባ፤ ከብት ከሚከትቡት ልጆች ድምፅ ማጉያ ተውሶ ጮኸ፦ «ወገኖቼ፣ ኮሌራ ነው! ውሃ አፍሉ፣ የታመመ አትደብቁ፣ አትሽሹ!» ገበያው ሳይበተን ኃላፊው በስልክ ከሥራ አባረረው። ሕዝቡ ግን «ኮሌራ» የሚለውን እንጂ «አትሽሹ» የሚለውን አልሰማም። ቤተሰቡን ሰብስቦ ወደ ዘመድ የሸሸው በሽታውን ወደ ሁለት ንጹሕ ቀበሌዎች ይዞት ሄደ፤ እዚያ ሰባት ሰው ሞተ።

ሰኞ ዕለት የኑርሁሴንን ሪፖርት ያዩ ሐኪሞች ከክልል መጡ። ኃላፊው በር ላይ ተቀብሎ «የአንድ ግለሰብ አሉባልታ ነው፤ የላብራቶሪ ማስረጃ የለውም» አላቸው። እነሱም ሊመለሱ መኪናቸው ውስጥ ገብተው ነበር። ያን ጊዜ አንድ አይሱዙ ቆመና ደሳለው አቧራ ለብሶ ወረደ፤ ወረቀቱን ከደረት ኪሱ አውጥቶ ሰጣቸው። በማግስቱ ድንኳኑ ተተከለ። ክሎሪኑም ግሉኮሱም መጣ፤ አምቡላንሴም በሽተኛ መጫን ጀመረች። በሦስት ሳምንት ወረርሽኙ ቆመ።

ኃላፊውስ? ኃላፊው ወደ ዞን ተዛወረ። እዚያ ስለ ወረርሽኝ አያያዝ ሥልጠና ይሰጣል አሉ። እኔ ምን ልበል!

በጥቅምት ከክልል ደብዳቤ መጣ። ከወረዳው አንድ ሰው የኅብረተሰብ ጤና ትምህርት ዕድል ተሰጥቶታል፤ ካለበት ደረጃ ተነስቶ ይማራል፣ ሲመለስም የወረዳው ጤና ኃላፊ ሆኖ ይሾማል። ማን እንደሚሄድ የተጎዳው ሕዝብ ራሱ ይምረጥ ይላል። ሰው ከዚህ በላይ ምን እንደሚፈልግ አላውቅም፤ ከእንግዲህ በሽታ ሲገባ ስሙን የሚጠራውን ሰው በገዛ አፉ እንዲመርጥ ተፈቀደለት። የእንዶድ ውሃ ዕድር በትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰበሰበ፤ ሦስቱም መጡ።

መጀመሪያ የተነሳው ሞገስ ነው። «ደሳለው ጀግና ነው ትላላችሁ። ጀግንነቱን ለእናንተ አደረገው፤ ልጄን ግን ባዶ የተወው ወንበር ገደላት። የናሙናውን ሳጥን ለሌላ ሰው መስጠት አይችልም ነበር?»

ደሳለው ራሱን ዝቅ አደረገ። «ለማን ልስጠው፣ ወንድሜ? ሁሉም ፈርቶ ነበር። ግን ልጅህን አልረሳኋትም፤ አልረሳትምም።»

አንድ ወጣት ጥሩአየሁን በጣቱ አመለከተ። «እሷ ባትፈርም ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ሰው ገድሎ ተናዝዞ መሾም አለ እንዴ?»

«እውነቱን ነው» አለች ጥሩአየሁ። «ወረቀቱን ሲሰጡኝ ሌሎቹ ቀበሌዎች ሁሉ ፈርመው ነበር። የመጨረሻዋ እንዳልሆን ብዬ ፈረምኩ። ከዚህ ሌላ ምክንያት የለኝም።»

«ሌሎቹም ዋሽተዋል፤ የተናገረችው ግን እሷ ብቻ ናት» አሉ የዕድሩ ዳኛ አያ ካሴ። «ክንዷንም የሰበርነው እኛው ነን።»

ከዚያ የታረቀኝ ሚስት አትጠገብ ተነሳች። ባሏ የመጀመሪያው ሟች መሆኑን ነግሬያችኋለሁ። ያልነገርኳችሁ፣ በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ ደግሞ የመጀመሪያ ልጇን መቅበሯን ነው፤ ኑርሁሴን ገበያ ላይ ከመጮሁ ሁለት ቀን በፊት።

«አንተ» አለችው፣ «ያች ትንሽ ደብተር አለችህ?»

ከኪሱ አወጣ።

«የልጄ ሞት እውስጧ አለ?»

«አለ፣ እቴ። አሥራ ስድስተኛ ላይ ነው የጻፍኳት።»

«እንግዲያ ከእኔ እኩል ታውቅ ነበር። እያወቅህ ኪስህ ውስጥ ይዘሃት ዞርክ!»

ኑርሁሴን እንባው ወረደ። «ልጆቼን አስቤ ነው» አለ። «ለእኔም ልጄ ነበረች» አለችና ተቀመጠች። አንድ ሽማግሌ ግን «ዘግይቶም ቢሆን እሱ ባይጮህ ማን ይደርስልን ነበር? ሥራውን ያጣው እሱ ብቻ ነው» ብለው ተከራከሩለት፤ ግቢው እንደገና ለሁለት ተከፈለ።

ሦስት ጊዜ ተሰብስበው ሦስት ጊዜ ሳይስማሙ ተበተኑ። እኔን የሚያበግነኝ አንድ ነገር አለ፤ በሦስቱም ስብሰባ የኃላፊውን ስም ያነሳ ሰው የለም። ያጠፉትን እየመዘንን ያስጠፋቸውን ረሳን። ቢሆንም ደብዳቤው መልስ ይፈልጋል፤ በደብዳቤው ላይ የሚጻፈው ስም ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

እንግዲህ ፍረዱ። እንደ ሌሎቹ ሁሉ ዋሽታ በሕዝብ ፊት ውሸቷን ያፈረሰችው ጥሩአየሁ ናት? አንዴም ሳይዋሽ፣ እውነቱን ሊያመጣ ሲሄድ የሞገስ ልጅ የሞተችበት ደሳለው ነው? ወይስ ስምንት ቀን ፈርቶ በዘጠነኛው ቀን እንጀራውን ጥሎ የጮኸው ኑርሁሴን? ስትመርጡ ሽልማት የምትሰጡ አይምሰላችሁ። በሚመጣው ክረምት የእናንተ ልጅ ሲያስመልሰው፣ ከላይም «ዝም በሉ» የሚል ስልክ ሲደወል፣ ስልኩን ማን እንዲያነሳው ትፈልጋላችሁ?